ያልተቧጨረው ዴስክ

ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ እረፍት ተማሪ ሲያሰናብቱ የእሱ ሥራ ይጀምራል። ዘበኞች ቁልፍ ያቀብሉታል፤ እሱም የመሣሪያ ሣጥኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ባዶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይዞራል። እግሩ የተሰበረውን ዴስክ ይጠግናል፣ የወለቀውን መደገፊያ መልሶ ይመታል፣ የተሰነጠቀውን በኮላ አጣብቆ በገመድ ጠፍሮ ያሳድራል። በከተማው ካሉት ሰባት ትምህርት ቤቶች እሱ ያልነካው ዴስክ ያለበት አንድም አልነበረም።

ሰው ሁሉ «ውሃልክ» ይለዋል። ውሃልክ አናጢ የሠራው ነገር መዝመም አለመዝመሙን የሚያይባት፣ በመስታወት ቱቦዋ ውስጥ አንዲት አረፋ የምትዋኝ መሣሪያ ናት። ስሙን ያወጡለት ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይሆንለት ነው። የታመመ ሊጠይቅ ገብቶ እንኳ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ፣ ተነስቶ ሳያቃና ወሬ አይገባለትም። አንድ ቀን አማቱ ቤት የተንጋደደ የግድግዳ ሰዓት አቀና፤ ሰዓቱ ወዲያው ቆመ። ለካ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ የኖረው ተንጋዶ ነበር። አማቱ እስኪሞቱ ድረስ ሰዓት ስንት ነው ሲባሉ «የልጄን ባል ጠይቁት፣ ያቆመው እሱ ነው» ይሉ ነበር።

ውሃልክ ትምህርት ቤቶችን በዴስካቸው ያውቃቸዋል። ዴስክ ገልብጦ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያያል፤ የደረቀ ማስቲካ፣ ለፈተና የተጻፈ ቀመር፣ ቀስት የተሰካበት ልብ፣ የአስተማሪ ቅጽል ስም። ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ፍርዱን ይሰጣል። የወንዝ ማዶው ትምህርት ቤት ዴስክ በስለት ተቦርቡሯል፤ «እዚያ አስተማሪ ክፍል አይገባም፣ ቢገባም ጋዜጣ ነው የሚያነበው» ይላል። ከገበያው ጀርባ ያለው ደግሞ ዴስኩ ሁልጊዜ ከመሀሉ ይሰበራል፤ «ለሦስት በተሠራ ላይ አምስት ያስቀምጣሉ።» መምህር ሊዋሽ ይችላል፣ ወላጅ ሊዋሽ ይችላል፣ እንጨት ግን አይዋሽም፤ ይህች አባባሉ ናት።

አባባሉ ሰው ጆሮ ገብታ ኖሮ፣ የምዝገባ ወር ሲቃረብ እናቶች ወደ አውደ ሥራው ብቅ ማለት ለመዱ። «ጋሼ ውሃልክ፣ ልጄን የት ላስገባው?» ይሉታል። እሱም መላጊያውን አስቀምጦ፣ ከትከሻው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አራግፎ፣ እንደ ሐኪም ጥቂት ያስባል። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ባለግንቡ።»

ባለግንቡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በረጅም የድንጋይ አጥር የተከበበ ትምህርት ቤት ነው። ውሃልክ አሥራ አንድ ዓመት ሲመላለስበት ከላላ ብሎን በቀር የሚጠገን አጥቶበታል። የዴስኮቹ ገጽ መጀመሪያ የተቀባው ቫርኒሽ እንኳ አልለቀቀም። አንዲት ጭረት፣ አንድ የቀለም ጠብታ የለም። አንዳንድ ጊዜ ሥራውን ጨርሶ እንኳ ቶሎ አይወጣም፤ መዳፉን በዴስኩ ላይ እያንሸራተተ ይቆማል። «እዚህ የሚማር ልጅ ምን ያለ ልጅ ይሆን» ይላል ለራሱ።

እንዲህ የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም። እሱ ራሱ ከትምህርት የወጣው በዴስክ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለ የሂሳብ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ በምስማር ዴስኩ ላይ ወፍ ቀረጸ። ወፏ አምራ ነበር። መምህሩ ጆሮውን ይዘው አቆሙትና አባቱንና አንድ አዲስ ጣውላ ይዞ እንዲመጣ አዘዙት። አባቱ ጣውላ የሚገዙበት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም አይገዙም ነበር። «እንጨት ከወደድክ ከእንጨት ጋር ኑራ» ብለው በማግስቱ ወስደው ለአንድ አናጢ ሰጡት። በዚያው ቀረ። እጁ በሙያው የተመሰገነ ቢሆንም፣ ዛሬም መምህር ፊት ሲቆም ጀርባው ቀጥ ይላል፣ ካልተጠየቀ አይናገርም።

አንድ ልጅ ነበረችው። «ራዲዮ» ነበር የሚሏት። ከእንቅልፏ ስትነሳ ትጀምራለች፣ አፏ የሚዘጋው ስትተኛ ነው። አውደ ሥራው ውስጥ ፍቅፋቂ ክምር ላይ ተቀምጣ ለምስማሮቹ ታሪክ ታወጣለች። «ይሄ የተጣመመው ጠዋት ፊቱን አልታጠብም ያለ ነው፤ ይሄ ወፍራሙ አጎቴ ነው፤ ይቺ ራስ የሌላት ደግሞ ኮፍያዋን አውቶቡስ ላይ ረስታ ነው።» አባቷ መጋዙን እየሳበ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል። ከዚያስ ካሏት ደግሞ ማን ያቆማታል።

ሰባት ዓመት ሞላትና ትምህርት ቤት የሚመረጥበት ወር መጣ። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ እሱ፣ ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጣቢ የሆነችው ሚስቱ፣ እና ታላቅ ወንድሟ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ። ሚስቱ ልጇ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እንድትማር ፈልጋለች። በእግር አምስት ደቂቃ ነው።

«የሰፈሩን ዴስክ አይተሽዋል?» አለ ውሃልክ። «ውሻ የጋጠው አጥንት ነው የሚመስለው።»

«ዴስኩ ነው እንዴ የሚያስተምራት?»

«ዴስኩ ይናገራል።»

«ይናገር። እኔ የምጠይቅህ ልጆቹ ምን ይላሉ ነው። ከባለግንቡ አንድ ልጅ አነጋግረህ ታውቃለህ?»

«እኔ ስሄድ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው።»

ጎሚስታው ሻዩን ፉት ብሎ ሳቀ። «ስማ አማቼ፣ እኔ የጠገንኳትን ጎማ እንኳ ነፍቼ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋ አለማውጣቷን ሳላይ ለባለቤቷ አልመልስም። አንተ ትምህርት ቤቱን ያየኸው ባዶውን ነው።»

«አንተ የጎማ ነገር ታወራለህ፣ እኔ የልጅ።»

«እኔም የልጅ ነው የማወራው። ጎማም ትምህርት ቤትም ጉዳቸው የሚወጣው ሲሞሉ ነው።»

«ያንተ ልጆች ሰፈር ተምረው ምን ሆኑ?» አለ ውሃልክ ትንሽ ቆጣ ብሎ።

«ምን ይሆናሉ፣ እንደኔ ሆኑ። ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ሰው ይሰድባሉ።»

ሚስቱም ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። ልጁ እንደሱ ጆሮዋ ተይዞ እንድትወጣ አይፈልግም፤ ምስማር በእጇ የሚገባበት ቦታ እንድትቀመጥ አይፈልግም። ይህን አላላቸውም። «እንጨት አይዋሽም» ብቻ አለ። ሚስቱም «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ…» ብላ ጀምራ፣ ተረቱን ሳትጨርስ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሳች።

የባለግንቡ ርእሰ መምህር ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ውሃልክ ልጁን በእጁ ይዞ ሲገባ ከወንበሩ ተነሳለት። «ያንተ ልጅ ከሆነች ቦታ አይጠፋም» አለው። «አናጢ ሥርዓት ያውቃል።» ራዲዮ የጠረጴዛውን ደወል አይታ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚደውለው፣ እሷ አንዴ ብትደውለው ምን እንደሚሆን በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች። ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ ደወሉን ወደ ራሱ ሳበው።

የመጀመሪያው ወር ደስ የሚል ነበር፤ ቢያንስ ለአባቷ። ጽሑፏ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ተስተካከለ። ደብተሯን ለደንበኞቹ ያሳያል፣ እነሱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጣች» ይላል። በሁለተኛው ወር ገበታ ላይ ውሃ ስትፈልግ ጣቷን ማንሳት ጀመረች። እናቷ «ምን ሆንሽ?» እስክትላት ጣቷን አታወርድም። ስትቀመጥ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ታቆላልፋለች። በሦስተኛው ወር ከ«እሺ» እና ከ«አዎ» በቀር የምትናገረው ጠፋ።

«ባትሪዋ አለቀ እንዴ?» አለ ጎሚስታው አንድ ቀን፣ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ማታ ማታ እናቷ ልብሷን ስታወልቅላት ትጠይቃት ነበር። «ማን ነካሽ?» «ማንም።» «ትወጂዋለሽ መምህርሽን?» «አዎ።» ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ ቀላ ቀላ ብለዋል። ውሃልክ «እርሳስ አጥብቃ ስለምትይዝ ነው፤ እኔም መዶሻ ስለምድ እንዲሁ ሆኜ ነበር» አለ። ይህን ሲል አምኖበት ነው።

በአራተኛው ወር ከባለግንቡ ተላከበት። የአንደኛ ክፍል በር የላይኛው ማጠፊያው ወልቆ ዘምሟልና፣ እረፍት እስኪደርስ ስለማይጠበቅ ዛሬውኑ ይምጣ አሉት። ውሃልክ በትምህርት ሰዓት ትምህርት ቤት ሲገባ በአሥራ አንድ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ግቢውን ሲያቋርጥ መጀመሪያ የመሰለው ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል ነው። የሳል ድምፅ እንኳ የለም። የክፍሉ በር ጋ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲያይ ግን አምሳ ምናምን ልጆች በሦስት ረድፍ ተቀምጠዋል። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ከመደገፊያው ጀርባ ጣታቸውን አቆላልፈዋል። መምህርቷ በማስመሪያ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ስትመታ ደብተር ይከፈታል። ሁለት ጊዜ ስትመታ ይጻፋል። ሦስት ጊዜ ስትመታ እርሳስ ይቀመጣል፣ እጅ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጅ ዴስክ ላይ እጁን የሚያሳርፈው በሁለተኛውና በሦስተኛው ምት መካከል ብቻ ነው።

ውሃልክ ገባው። የሚያደንቀው እንጨት ሳይቧጨር የኖረው የሚነካው እጅ ስላልነበረ ነው።

ሣጥኑን አስቀምጦ ሥራውን ጀመረ፤ ሌላ የሚያደርገው አልመጣለትም። እንደ ልማዱ ሦስት ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ በሩን በጉልበቱ ደግፎ አነሳ። ልጁን በሁለተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ አያት። እሷም አየችው። ብዙ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ዘመዱ ከመኪና ሲወርድ እንደሚያየው አየችው።

የመጀመሪያውን ብሎን አጠበቀ። መምህርቷ የልጅቷን ስም ጠራች፤ እንድታነብ ነበር። ልጅቷ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። «አልሰማሁም» አለች መምህርቷ፣ ሳትቆጣ። ከንፈሯ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን ብሎን አጠበቀ። መምህርቷ ረጋ ብላ መጣች፣ የልጅቷን ቀኝ እጅ ከጀርባዋ ሳበች፣ እርሳስ በጣቶቿ መሀል አሳለፈች፣ ከዚያም ጣቶቿን ከላይ ይዛ ጨመቀች። ሥራዋን እንደሚሠራ ሰው ነበር የምትጨምቀው፤ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። ልጅቷ አልጮኸችም። ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሳችም።

ካቻቢቴው እጁ ላይ ነው። በሩ በጉልበቱ ላይ ነው። ቢለቀው ይወድቃል። መልቀቅ ነበረበት። ነገር ግን ውሃልክ በዚያች ሰዓት የአርባ ዓመት ሰው አልነበረም። ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር። ካልተጠየቀ አይናገርም ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ ከአፉ ሦስተኛውን ብሎን ወሰደና አጠበቀው። በሩ መስተካከሉን ለማየት ደግሞ መዝጋት ያስፈልጋል። እሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ዘጋው። በሩ አልጮኸም።

ርእሰ መምህሩ መተላለፊያው ላይ አገኘው። «እጅህ ይባረክ» አለው። ውሃልክም «አሜን፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ።

ሦስት ቀን ዝም አለ። ልጅቷም ምንም አላለችም፤ ማታ ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ አሳይታው፣ ትመለሳለች። በአራተኛው ቀን ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ አጠገቧ ቆሞ ነገራት። አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ በሩን መዝጋቱን ጭምር። ሚስቱ ካውያውን አቁማ አስቀመጠች።

«ብሎኑን ከአፍህ አውጥተህ ‹ልጄን ተዪ› ማለት አቃተህ?»

«አንድ ብቻ ነበር የቀረው» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ እሱም አያውቅም።

ሚስቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የተኮሰችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች።

በማግስቱ ሥራ ሳትገባ በቀጥታ ባለግንቡ ሄደች። አንኳኩታ አልገባችም። ልጇን ከዴስኩ ላይ አንስታ ስታወጣት ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ደረሰባት። «ምን ጎደለብሽ? ጽሑፏን አላየሽም?» አላት።

«ጽሑፏን አይቻለሁ። ድምጿን ነው ያጣሁት።»

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ምዝገባ ካለፈ ብዙ ወር ሆኖት ነበር። «ለሚመጣው ዓመት» አሉ፣ እነሱም ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ልጅቷ እናትና አባቷ ሥራ ሲውሉ አጎቷ ጎማ ቤት መዋል ጀመረች። ውሃልክ መጀመሪያ ወደ አውደ ሥራው ሊወስዳት ሞክሮ ነበር። የምስማር ጣሳ አቀረበላት። እሷ ምስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ በቁመታቸው በረድፍ ደረደረቻቸው፣ ስትጨርስ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ተቀመጠች። «ይሄኛው ማነው?» አላት አንዱን ጠማማ አንስቶ። «ምስማር» አለችው።

ከዚያ በኋላ በእሱ ምክር ልጆቻቸውን ባለግንቡ ወዳስገቡት ሰዎች ቤት ዞረ። ሦስት ቤት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አዳምጠውት «እናስብበታለን» አሉ። ሁለተኛው ቤት አልከፈቱለትም። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ከምድጃዋ ሳትነቃነቅ መለሰችለት።

«አንተ አይደለህ ‹እንጨት አይዋሽም› ያልከኝ?»

«ተሳስቼ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ ድሮ ሰው ይማታ ነበር፣ አሁን ቤት ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቅም። ትምህርት ቤት ስትመርጥልኝ አመንኩህ። ስታስወጣኝ ደግሞ እንድታመን ትፈልጋለህ?»

«ልጅሽን ጠይቂው።»

«ጠይቄዋለሁ። ደህና ነኝ አለኝ።»

ልጁ ጥግ ላይ፣ የዱቄት ጆንያ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ውሃልክ አየው። ልጁም አየው።

የምዝገባ ወር ተመልሶ ሲመጣ ወደ አውደ ሥራው ብቅ ያለች እናት አልነበረችም። በእረፍቱ ባለግንቡ አስጠራው፣ አልሄደም። ሌላ አናጢ ጠሩ። ብሎን ለማጥበቅ አናጢ አይጠፋም።

በዚያው እረፍት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው ቶሎ አለቀና ልጁን ሊወስድ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደ። አሮጌ ጎማዎች ከበሩ ውጭ በሰው ቁመት ልክ ተከምረው ነበር። ከክምሩ ጀርባ ሳለ ድምፅ ሰማ። ቆመ። ቀስ እያለ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ የልጅ ድምፅ ነው።

«… ከዚያ ደግሞ አንደኛዋ ልጅ ልብሷ ላይ ሸናች፣ ግን ጣቷን አላነሳችም፤ ምክንያቱም ጣት የሚነሳው ሁለት ጊዜ ሲመታ አይደለም።»

«አይ የኔ እናት» አለ ጎሚስታው። የጎማ መፍቻው ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ሁላችንም ሸተተን፣ ግን አልሸተተንም።»

ውሃልክ ከብዙ ወር በኋላ ይህን ያህል ቃል አንድ ላይ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ጎማው ላይ እጁን አሳረፈ። ገብቶ ሊያቅፋት ፈለገ፤ ደግሞ ከገባ እንደምታቆም ያውቃል።

«ይህን ሁሉ ለእኔ ስትነግሪ» አለ ጎሚስታው፣ «ለአባትሽ ለምን አትነግሪውም? ይጨነቃል እኮ።»

«አባዬ ያውቃል» አለች። «እዚያ ነበረ።»

ብረቱ መንኳኳቱን አቆመ። መንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ውሃልክ ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ ተመለሰና ገና አሁን እንደሚደርስ ሰው ጉሮሮውን እየጠራረገ መጣ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ጎማ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ አፏን ዘጋች።

«እንሂድ?» አላት።

«እሺ።»

እጁን ዘረጋላት፣ ሰጠችው። ትንሿን መዳፍ በመዳፉ ይዞ ምን ያህል መጨበጥ እንዳለበት አላወቀም፤ ላላ አድርጎ ያዛት። እስከ ቤት ድረስ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። በሦስተኛው «ያን ቀን…» ብሎ ጀመረ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ እስኪጨርስ ድረስ፣ ሳታቋርጠው፣ በሥርዓት ጠበቀችው። እሱ ግን ከዚያ በላይ የሚለው አልነበረውም።